በፍትሕ ምንጭ ሥር የተነገረ ፈረንሳይኛ

ሃኒ ማሮልፍን በራሷ ስም የሚጠራት ሰው ገበያው ውስጥ ጥቂት ነው። ደንበኛው ሁሉ «ማዳም ዢኔት» ነው የሚላት። ዢኔት ከእሷ በፊት በዚያ ቦታ አትክልት ትሸጥ የነበረች፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርባት ከላ ኑቭቪል የመጣች ሴት ናት። እርጅና ሲጫናት ቦታውንም፣ ትልቁን ጃንጥላም፣ ስሟ የተጻፈበትን ሰሌዳም ለሃኒ ትታላት ሄደች። ሃኒ ሰሌዳውን አላወረደችውም። «ስም ለመቀየር ብዬ ደህና እንጨት እሳት ውስጥ አልከትም» ትላለች። በዚህ ምክንያት የቫልፐርስቪል ገበሬዋ፣ ከአባት ከእናቷ ጀርመንኛ ብቻ ስትሰማ ያደገችው ሴት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዢኔት ሆና ትውላለች።

ቦታዋ ቡርግ አደባባይ ላይ፣ ከፍትሕ ምንጭ አጠገብ ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ይቀኑባታል፤ ውሃ ሲያስፈልጋት ሁለት እርምጃ አትሄድም። ባልዲዋን ከቧንቧው ሞልታ ሰላጣው ላይ ትረጫለች፣ የካሮቱን ጭቃ ታስለቅቃለች። ከገንዳው መሃል በቆመው ዓምድ ላይ ፍትሕ በሴት ተመስላ፣ ዓይኗን ታስራ፣ ሰይፏንና ሚዛኗን ይዛ ቆማለች። የባለሁለት ቋንቋዋ ከተማችን ሰው፣ ከተማዋን በጀርመንኛ ቢል የሚላትም በፈረንሳይኛ ቢየን የሚላትም፣ ስለዚች ሐውልት የሚቀልደው ያንኑ ቀልድ ነው፦ ዓይኗን ያሰሯት ማን ቀድሞ ሰላም እንዳለ እንዳታይ ነው ይላል።

እኛ ዘንድ ወሬውን የጀመረ ቋንቋውን ይመርጣል። በፈረንሳይኛ ሰላም ካለህ በፈረንሳይኛ ትመልሳለህ፤ በጀርመንኛ ካለህ በጀርመንኛ። ችሎታህ ቢያንስም፣ ብትንተባተብም ትከተላለህ። መሃል ላይ መቀየር «አነጋገርህ አላማረኝም» እንደማለት ነው፤ ጨዋ ሰው አያደርገውም። እዚህ ከተማ አንድ ሰው ጀርመንኛ ሲናገር ብትሰማው የጀርመንኛ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ ሌላው ቀድሞት ሊሆን ይችላል።

እኔ ከሃኒ ጋር መሥራት የጀመርኩት ልጄ ሊዮኒ ከተወለደች በኋላ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ፈረቃ ሲኖረው ልጅቷን በጋሪዋ ይዤ እመጣለሁ፤ ከሳጥኖቹ ኋላ፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል አስተኛታለሁ። ሃኒ አንዴ ወደ ጋሪው፣ አንዴ ወደ ድንቹ እያየች ትሠራለች። ጀርባዋ ሰፊ ነው፣ እጇ ከውሃው ብዛት ሁልጊዜ ቀይ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እርሻውን ልጇ ቤያት ነው የሚያስተዳድረው፤ እሱ ከነሚስቱ በትልቁ ቤት ይኖራል፣ እሷ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽዋ ቤት። እሷ ስለዚህ ስትጠየቅ «ጥሩ ነው፤ የምድጃዬን እሳት ማንም አይነካብኝም» ነው የምትለው።

ከደንበኞቿ አንዱ ሙሴ ጋበረል፣ በፈረንሳይኛ አቶ ጋበረል እንደማለት ነው፣ መጀመሪያ የመጡት ሚስታቸው በሞተች ዓመት ነው። እኔ ያኔ አልነበርኩም፤ ሃኒ ናት የነገረችኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ፋብሪካ የሠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮፍያቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩ ጋ ቆመው በእፍኛቸው ውሃ ጠጡ፤ ሰሌዳውን አነበቡ፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ቀርበው በፈረንሳይኛ «እንደምን አደሩ ማዳም ዢኔት» አሉ። ሃኒም እንደ ደንቡ በፈረንሳይኛ መለሰች። የፈለጉት ሩብ ጥቅል ጎመን ነበር። ጎመን ቆርጦ መሸጥ ማንም ነጋዴ አይወድም፤ የተረፈው ጠርዙ ይጠቁራል፣ ገዢ ያጣል። ሃኒ ግን አንዴ አየቻቸውና ቢላዋዋን አነሳች።

«ለአንድ ሰው ስለሆነ ነው» አሉ፤ እንደ ማፈር ብለው።

«እኔም ለአንድ ሰው ነው የማበስለው» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሩቡን እሳቸው ይወስዳሉ፤ የቀረውን ሃኒ ቤቷ ወስዳ እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ድረስ ትበላለች። እንዲህ አንድ ጎመን ለሁለት ሲካፈሉ ስንት ዓመት አለፋቸው። ስማቸውን የነገሯት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጋበረል የፈረንሳይኛ ስም ካልሆነ ታዲያ የማን ስም ሊሆን ነው? ሃኒ አልተጠራጠረችም፤ እኔም በኋላ ስመጣ አልተጠራጠርኩም።

ጨዋታቸውን መስማት ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ ፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት ነው፤ የእነሱን ግን አንድም ቃል ሳያመልጠኝ እሰማ ነበር።

«ዛሬ ጭጋግ አለ፣ ማዳም።»

«አዎ ሙሴ፣ ጭጋግ አለ። ተራራው ላይ ፀሐይ አለ።»

«ተራራው ጥሩ ነው። ጉልበቴ ግን ተራራ አይወድም።»

«የእኔም ጉልበት ተራራ አይወድም።»

«እንግዲያው ጉልበቶቻችን ተግባብተዋል።»

ይስቃሉ። እሳቸው ሲስቁ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ፤ ሃኒ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ እጇ ባይረጥብም። አንድ ቀን ስለሳቸው ሳወራት «በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ እኔ እንድከተለው ብሎ ሆን ብሎ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው» አለችኝ። እውነትም ቀስ ይላሉ። እኔም ለእሷ ብለው ነው አልኩ።

ከጎናችን አይብ የሚሸጠው ሩዲ ይህን ሁሉ ሲያይ አፉ አያርፍም። ጀርመንኛ ብቻ ከሚነገርበት ከኤመንታል የመጣ ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ ሲሰማ ጆሮውን ዘግቶ በዓይኑ ብቻ ነው የሚከታተለው።

«ሃኒ፣ ያንቺ ሰውዬ ምንጩ ጋ ደርሷል። ሽርጥሽን አስተካክዪ።»

«አንተ አይብህን ጠብቅ፤ ይሸታል።»

«አይብ ሲሸት ነው የሚጥመው። ሽማግሌም እንደዚያው።»

«ለዚያ ነዋ ሚስትህ የምትታገስህ።»

በኦገስት ማለቂያ ላይ ቤያት እናቱን ቁጭ አድርጎ አነጋገራት። ከመጪው ዓመት ጀምሮ መሬቱን በሙሉ ለአንድ ትልቅ ገዢ ካሮት ሊዘራበት ነው፤ ለገበያ የሚሆን ሰላጣና ባሮ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥርና ፎሶልያ ከእንግዲህ የለም። እናቱም በዚህ ዕድሜዋ ሌሊት ተነስታ ሳጥን ከመጫን ታርፋለች። እስከ ኖቬምበር ማለቂያ ትሸጣለች፤ ከዚያ በቃ። ሃኒ «እሺ» አለችው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እሷም ለእኔ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ባሮ ሽንኩርት እያሰረች ነበር፣ ማሰሯን ቀጠለች።

«አዝነሻል?» አልኳት።

«ለሽንኩርቱ አይደለም።»

ምንጩ ጋ ሙሴ ጋበረል ጎንበስ ብለው ይጠጡ ነበር። የት እንደምታይ አየሁ።

«ቤቱን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«ከየት አውቄ? ከዚህ ሌላ የት አግኝቼው አውቃለሁ? ሰሌዳው ሲወርድ እኔም እሱም እንደማንተዋወቅ ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መላ መፈለግ ነው የሚቀናኝ። «ታዲያ ቤትሽ ጥሪያቸዋ፤ እሁድ ምሳ» አልኳት።

«በምን አፌ? እኔ በፈረንሳይኛ የማውቀው ዝናብ፣ ጉልበት፣ ባሮ ሽንኩርት ነው።»

«በጀርመንኛ ጥሪያቸው። እዚህ ከተማ ጀርመንኛ የማይሰማ ማን አለ?»

ሃኒ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አይሆንም። በእኔ ቋንቋ ከጀመርኩ ለደንቡ ብሎ ይከተለኛል፤ እሺ ይለኛል። እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ እሺ ይላል። እሱ እምቢ ማለት ቢፈልግስ? ሰው ደህና አድርጎ እምቢ የሚለው በራሱ ቋንቋ ነው። በራሱ ልጠይቀውና በራሱ ይመልስልኝ።»

ስለዚህ ማታ ሊዮኒ ስትተኛ የድሮ ደብተሬን አውጥቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁላት። የተማርኩትን ሁሉ የከተትኩበት፣ ረጅም፣ ያማረ ነገር ነበር፦ «ክቡር ሙሴ፣ በመጪው እሁድ በመኖሪያ ቤቴ በማዘጋጀው ምሳ ላይ ቢገኙልኝ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል» የሚል። ሃኒ ስትሰማው «የከንቲባ ሹመት ነው እንዴ?» አለች። ቢሆንም አጠናችው። ካሮት እያጠበች፣ ሳጥን እየደረደረች በከንፈሯ ትለዋለች። ሩዲ «ሃኒ ጸሎት ጀመረች፤ ነገሩ ጠንቷል ማለት ነው» እያለ ያሾፋል።

ቅዳሜዎቹ ግን አለፉ። አንድ ቀን ወረፋ በዛ፤ አንድ ቀን ዝናቡ ጃንጥላውን ገለበጠው፤ አንድ ቀን ደግሞ «ክቡር ሙሴ» ካለች በኋላ አፏ ተሳሰረና «ድንቹ አዲስ ነው» ብላ ጨረሰችው። እሳቸውም ድንች ገዙ። ኖቬምበር ገብቶ ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ የሚነሳው ጭጋግ የፍትሕን ሚዛን መሸፈን ሲጀምር «ዛሬ ካላልሽ መቼ ልትዪ ነው?» አልኳት። «ዛሬ እለዋለሁ» አለች። ፀጉሯን ታጥባ ነበር የመጣችው፤ ሽርጧም አዲስ ነበር።

ሙሴ ጋበረል እንደ ልማዳቸው ከምንጩ ጠጥተው መጡ። ሰላም ተባባሉ። ሃኒ ጎመኑን ቆረጠችላቸው፣ በወረቀት ጠቀለለችው። ከዚያ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ አየር ሳበች፤ ልትጀምር ነው ብዬ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ይሄኔ ሊዮኒ ከእንቅልፏ ብንን አለችና እሪ አለች።

እጄ ውስጥ ለደንበኛ የምመዝነው ድንች ነበር። ከሁላችን ለጋሪው ቅርብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ አሉ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና «ኧረ የኔ ትንሽዬ አይጥ፣ ማን ነው የነካሽ? ነይ፣ ነይ፣ አታልቅሺ፤ ሁሉም እዚህ ነው» አሏት።

ፈረንሳይኛ አልነበረም። ጀርመንኛ ነበር፤ ያውም በትምህርት ቤት የሚለመደው አይደለም። የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ የወይን ጠማቂ አያቶች የሚናገሩት፣ ከአንጀት የሚወጣው ነበር። ሕፃን እንግዲህ ወሬ አይጀምርም፤ ቋንቋ አይመርጥልህም። ሰው ሕፃን ሲያባብል የሚመጣለት የእናቱ አፍ ብቻ ነው።

ልጄ ዝም አለች። ሃኒ ጎመኑን እንደያዘች ቀረች።

እኔ ነኝ ቀድሜ የተናገርኩት፤ በራሴው ጀርመንኛ፣ ሳላስብ። «ሙሴ ጋበረል፣ እርስዎ ከየት ነዎት?»

«ከሐይቁ ዳር፣ ከሊገርዝ» አሉ፤ አሁንም ጋሪው ላይ እንዳጎነበሱ፣ በዚያው ቋንቋ። «አባቴም አያቴም የሊገርዝ። እኛ እኮ ፈረንሳይኛ ስማችን ነው እንጂ...» ከዚያ ቀና አሉና ሃኒን አዩ።

«እኔ የቫልፐርስቪል ነኝ» አለች ሃኒ። «ስሜም ሃኒ ነው። ዢኔት የሰሌዳው ስም ነው።»

አይብ ሲቆርጥ የነበረው ሩዲ ይህን ጊዜ ገባው። ቢላዋውን አስቀመጠና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ስሙልኝ! እነዚህ ሁለቱ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ቋንቋ ሲሰቃዩ ኖረው ሁለቱም የኛው ናቸው!» ብሎ ለአበባ ሻጯ ነገራት፤ አበባ ሻጯ ለዳቦ ሻጩ ነገረች፤ በአንድ አፍታ ከምንጩ አደባባዩ ዳር እስካለው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ድረስ ሳቅ ሆነ። ክፋት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ከተማ አልፎ አልፎ ይደርሳል፤ የደረሰበት ሰው አብሮ ይስቃል፣ ያልፋል። ሙሴ ጋበረል ግን አልሳቁም። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አደረጉና በየትኛውም ቋንቋ ደህና ሁኑ ሳይሉ ሄዱ። ጎመኑ ሃኒ እጅ ላይ ቀረ።

«ሂጂ ተከተያቸው» አልኳት።

አልሄደችም። ጎመኑን አስቀመጠችና ለሚቀጥለው ደንበኛ «ምን ልስጥዎት?» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ሃኒ ምንጩን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ በሰላጣው ላይ የምትረጨውን ውሃ እኔ ነኝ የቀዳሁላት። ሩዲም አላሾፈም። ቀትር ላይ ትልቅ ቁራጭ አይብ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «ለሰውዬሽ ስጪልኝ፣ ሲመጣ» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ስልክ ማውጫ ላይ እንፈልጋቸው» አልኳት ከሥራ በኋላ። «ጋበረል የሚባል ሰው ስንት ይኖራል?»

«ብዙ አሉ። አንድ ብቻ ቢሆንም አልሄድም።»

«ለምን?»

«ወደዚህ መምጣት ካሳፈረው እቤቱ ሄጄ ላሳፍረው ነው?» አለች። ከዚያ ሳጥኑን መኪናው ላይ አስቀመጠችና «እኔኮ በኛ ቋንቋ ምን እንደምለው አላውቅም» አለች። «በፈረንሳይኛ ያጠናሁት ነበር። በኛው ግን ሳስበው ሁሉም ነገር ራቁቱን የወጣ ይመስለኛል።»

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። ብርዱ ጠንክሯል፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ስስ በረዶ ይዟል። ደንበኞቿ ሰምተው ስለነበር ሁሉም ለመሰናበት መጡ፤ «ማዳም ዢኔት፣ ያለ እርስዎ ምን እንሆናለን?» እያሉ እጇን ይዘው ያወዛውዙታል። ሃኒ ለሁሉም በየቋንቋቸው መለሰች። ዓይኗ ግን ከትከሻቸው በላይ ያልፍ ነበር። ወደ ምሳ ሰዓት ገበያው ሳሳ። ሩዲ ድንኳኑን ማጠፍ ጀመረ። እኔ ሰሌዳውን ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣሁ።

ከላይ ሆኜ ነው ያየኋቸው። በአደባባዩ ጥግ በኩል፣ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላል፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ቀስ እያሉ መጡ። ውሃ አልጠጡም። ከምንጩ ወዲያ ማዶ ቆሙ። ሃኒም አየቻቸው፤ ባልዲዋን አስቀምጣ ከምንጩ ወዲህ ቆመች።

እንግዲህ እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያን ጊዜ እዚያ አደባባይ ላይ የነበረውን ዝምታ ያውቀዋል። ማን ይጀምር? የጀመረ ይመርጣል። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ሃኒ ሽርጧን ያዘች፣ ለቀቀችው። ሩዲ ይህን ሁሉ አይቶ እንዳላየ ጀርባውን አዙሮ ያጠፈውን ድንኳን ፈቶ እንደገና ማጠፍ ጀመረ። እኔ ሰሌዳውን እንደያዝኩ ከወንበሩ ለመውረድ ፈራሁ።

ሃኒ ናት የጀመረችው። በፈረንሳይኛ ነው። ካስጠናኋት ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ከሁለት ቃል በላይ አልወጣም።

«እሁድ» አለች። «ቤቴ። ሾርባ። ቋሊማ።» ትንሽ አሰበች። «እርስዎ እና እኔ። ካልፈለጉ፣ አይፈልጉም። አልቆጣም።»

ሙሴ ጋበረል ገንዳውን ዞረው ወደ እሷ ቀረቡ። የመለሱት በፈረንሳይኛ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ቀስ እያሉ፣ አሁን ግን ቀስ ያሉት ስለማይችሉት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ማዳም፣ ያን ቀን የሄድኩት በሳቃቸው አይደለም።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

«እኔ በፈረንሳይኛ ቀልደኛ ነኝ።» ቃል ለመፈለግ ወደ ላይ ወደ ሐውልቷ አዩ። «በራሴ ቋንቋ ቀልድ አላውቅም። ሚስቴ ራሷ ትለኝ ነበር፤ አንተ ዝምተኛ ነህ፣ ጭጋግ ነህ ትለኝ ነበር። እርስዎ ያንን ሰው አያውቁትም። ቢያውቁት... አይወዱትም ብዬ ፈራሁ።»

ሃኒ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ «እኔም በራሴ ቋንቋ ቁጡ ነኝ» አለች። «ልጄን ይጠይቁት።»

«እንግዲያው አልጠይቀውም።»

ሳቋ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሳቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና በደንቡ ተጨባበጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤ በመካከላቸው ጠረጴዛም ጎመንም አልነበረም። ሲጨባበጡ እሳቸው ድንገት በሐይቁ ዳር ጀርመንኛ «እጅሽ በረዶ ነው» አሉ። ሃኒም በዚያው ቋንቋ፣ ሳታስብበት፣ «ያንተም አይሞቅም» አለች። ሁለቱም ደንገጥ አሉ፤ ሳይታወቃቸው አንተ እና አንቺ ተባብለው ነበር። ተያዩና መልሰው ወደ ፈረንሳይኛው ገቡ። እዚያ ነው የሚደፋፈሩት።

እኔ አሁን ከወንበሩ ወረድኩ። ሩዲ ለሦስተኛ ጊዜ ያጠፈውን ድንኳን መኪናው ውስጥ ወረወረና ወደ እነሱ ሳይሆን ወደ እኔ መጥቶ ጆሮዬ ላይ «እሺ አለ?» አለኝ። ቋንቋውን ስለማይሰማ ሁሉም ነገር አምልጦት ነበር።

«ገና እየተነጋገሩ ነው» አልኩት።

«ይሄን ያህል ረጅም ነገር ነው እንዴ?»

ነገሩ አሁን ወደ ተግባሩ ደርሶ ነበር። ሃኒ ወደ መንደሯ የሚሄደው የፖስታ አውቶቡስ እሁድ ቀን እንደ ልብ እንደማይገኝ በጣቷ እያሳየች ትገልጻለች፤ የጠዋቱ አለ፣ ከዚያ የከሰዓቱ ነው፤ የከሰዓቱ ለምሳ አይደርስም። ሙሴ ጋበረል ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ያዳምጣሉ።

«የጠዋቱን እይዛለሁ» አሉ።

«እስከ ምሳ በጣም ይረዝማል ሙሴ። ሾርባው አይደርስም። ምንም አይደርስም። ድንቹ እንኳ አልተላጠም።»

«ቢላዋ አለዎት?»

«ሁለት አለኝ።»

«እንግዲያው ድንቹን አይንኩት» አሉ ሙሴ ጋበረል። «ስመጣ እንልጠዋለን።»